ታናሽ እህት የቀዳችው ዝላይ

ከኮንሶ የሚመጣው አስፋልት የወይጦን ሜዳ አቋርጦ ዳገቱን ሲወጣ ቀይ አፈር ይደርሳል። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ጂንካ ይቀጥላል፤ ሌላው በዲመካ አድርጎ ወደ ቱርሚ ይወርዳል። ሐሙስ ሐሙስ የበና፣ የፀማይና የሐመር ሰው ማሩንና ቅቤውን፣ ማሽላውንና ፍየሉን ይዞ ለገበያ የሚሰበሰበው እዚህ ነው። ይህ ምሳሌ የሚነገርለት ልጅም የዚህ መንገድ ልጅ ነበር። የምሳሌ ሰው ነውና ስም አልሰጠውም፤ መንገዱና ገበያው ግን ያሉ ናቸው።

በዚያ አካባቢ ያለፈ መንገደኛ የበና ልጆችን ሳያይ አይቀርም። ሰውነታቸውን በነጭ ቀለም አስጊጠው፣ ከሰው ቁመት በላይ በሚያወጣ እንጨት ላይ ቆመው ይራመዳሉ። ቱሪስት የጫነ መኪና ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ብር ይሰጣል። ልጃችንም የጀመረው በእንጨቱ ነው። አንድ ቀን የሹፌር ረዳት በስልኩ ሳልቶ አሳየው፤ ምስሉ ላይ ያለው ሰው ባለበት ቆሞ ወደ ኋላ ይገለበጥና በእግሩ ያርፋል። ልጁ ወደ ወንዝ አሸዋ ወረደ። ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ፤ በመጨረሻ ያዘው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን ጎጆው ጥግ አቆመና ሳልቶውን አስፋልት ዳር ይዞ ወጣ።

ገቢው ጨመረ። ለእናቱ ጨውና ሳሙና፣ ለታናሽ እህቱ ደብተር ይገዛ ጀመር። እንዲህ ያሉ ልጆችን «ልመና ለመዱ» እያሉ የሚንቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። ሰውነቱን ብቻውን አስተምሮ አየር ላይ ወጥቶ የሚመለስ ልጅ የበላው ሠርቶ ነው። የታሪኩ ክብደትም ከዚሁ ይመጣል። ሳልቶው እንጀራ ባይሆን ኖሮ ማረም ቀላል በሆነ ነበር።

በዚያ ዓመት ለከተማዋ ትምህርት ቤት አዲስ የስፖርት መምህር ተመደበ። ልጅነቱን ያሳለፈው በሰርከስ ቡድን ውስጥ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ሰርከስ ኢትዮጵያ ከተመሠረተ ወዲህ ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት እያለ በየከተማው የሕፃናት ሰርከስ ሲበቅል፣ ጫማ ያልነበራቸው ልጆች በእጅ መቆምንና ፍሊክፍላክን (በእጅ እየተደገፉ ወደ ኋላ መገልበጥን) ከጓደኞቻቸው እየተቀበሉ አድገዋል። መምህሩ ከዚያ ትውልድ ታናናሾች አንዱ ነበር። አክሮባት ሲያይ ሌላው ሰው የሚያየው የወጣበትን ከፍታ ነው፤ የእሱ ዓይን ግን ቀድሞ መሬቱ ላይ ያርፋል፤ ከየት ተነሣ? የት ቆመ?

በመጀመሪያው ሐሙስ ልጁ ሲዘል አየው። ሰው አጨበጨበ። መምህሩ አቧራው ላይ የቀረውን የእግር ዱካ ተመለከተ። ልጁ የቆመበት ቦታ ከተነሣበት ሁለት ክንድ ያህል ወደ ኋላ ርቋል፤ ሲያርፍም ጉልበቱ እስከ መጨረሻው ታጥፎ፣ ደረቱ ጭኑ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። ልጁ እግሩ መሬቱን ገፍቶ ሳይጨርስ አገጩን ወደ ሰማይ ይወረውራል። ራስ ቀድሞ ወደ ኋላ ሲሄድ ጀርባ ይለመጣል፤ ጀርባ ሲለመጥ ዳሌ ከታች ይቀራል፤ ወደ ላይ መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ኋላ ይሸሻል። እግር መሬትን ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ከፍታ የሚጨምር ነገር የለም። ጉልበትን ወደ ደረት ስቦ፣ ሰውነትን ጠቅልሎ መሽከርከሩን ማፍጠን ይቻላል እንጂ ሽቅብ መውጣቱን መጨመር አይቻልም። ልጁ የጎደለውን ከፍታ በፍጥነት እየሸፈነ ነበር። ትንሽና ቀላል ስለሆነ እስካሁን ሰምሮለታል።

መምህሩ ተሰጥኦ ያለው ልጅ በማግኘቱ ልቡ ሞልቶ ጠጋ አለና ያጨበጨበው ሰው ሳይበተን፣ «ጎበዝ ነህ፤ ግን አዘላለልህ ስህተት ነው» አለው።

ልጁ እጁ ውስጥ ያለውን ብር አየ። ቀና ብሎ መምህሩን አየ።

«ቆሜያለሁ እኮ» አለ።

ለዚህ መልስ መምህሩ አጸፋ አልነበረውም። ልጁ በእርግጥም ቆሟል። ገበያው አይቷል፣ ብሩም መስክሯል። ገና ያልመጣን ውድቀት ለቆመ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ በሰው ፊት ሲሆን ደግሞ የባሰ ከባድ ነው።

እንደዚያም ሆኖ ቅዳሜ ዕለት ልጁ እህቱን አስከትሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ መጣ፤ ምን እንዳለ ማየት ፈልጎ ነበር። መምህሩ ከወንዝ አሸዋ አስቀድቶ ጉድጓድ ሞልቷል፣ ጆንያ በገለባ አጭቆ ፍራሽ ሠርቷል፣ ያረጀ የመኪና ጎማ ግማሹን ቀብሮ መዝለያ አድርጓል። ልጆቹ ግን አንድም ሳልቶ አይሠሩም ነበር። ገሚሶቹ በጀርባቸው ተኝተው ወገባቸውን ከመሬት ጋር አጣብቀው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ጋር ዘርግተው፣ እግራቸውን ትንሽ አንሥተው ይቆጥራሉ። ሌሎቹ ግድግዳ ተደግፈው በእጃቸው ቆመዋል፤ መምህሩ እየዞረ የታጠፈ ክርን ያቃናል፣ የተለመጠ ወገብ ይነካል። ጥቂቶቹ ከጎማው ላይ ቀጥ ብለው ሽቅብ ይዘላሉ፤ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሠመረ ምልክት አለ፣ ዓይናቸው ከእሱ እንዳይነሣ ታዘዋል።

ልጃችን ትንሽ ቆሞ አየና፣ «ይህን የሚሠሩት ሕፃናት ናቸው» ብሎ እህቱን ይዞ ሄደ።

መምህሩ አልተከተለውም። የቀሩት ልጆች ግን አጉረመረሙ፤ «እሱ ሳልቶ ይሠራል፣ እኛ ተኝተን እንቆጥራለን» አሉ። መምህሩ አሸዋው ዳር አስቀመጣቸውና ምሩፅ ይፍጠር ሁለት ወርቅ ስላመጣበት የሞስኮ ኦሎምፒክ ነገራቸው። ያንን ሁሉም ያውቁት ነበር። ያላወቁት ያ ውድድር ሊከፈት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ በሐምሌ 1980 እ.ኤ.አ.፣ በሚንስክ ልምምድ ላይ የሆነውን ነው። የሶቪየት ኅብረቷ ኤሌና ሙኪና በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮን ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት እግሯ ተሰብሮ ገና በደንብ ሳይጠገን ወደ ልምምድ መለሷት። ያሠሩዋት የነበረው ቶማስ ሳልቶ የሚባለውን ሲሆን፣ አየር ላይ እየተገለበጡና እየዞሩ መጥተው በእግር ሳይቆሙ ወደ ፊት በመንከባለል የሚጨርሱት ነው። ከፍታው ጥቂት ከጎደለ የሚያርፈው አንገት ነው። የተሰበረው እግሯ የሚፈለገውን ከፍታ አልሰጣትም። አንገቷ ተሰበረ፤ በ20 ዓመቷ ከአንገቷ በታች ሽባ ሆነች፤ እስከሞተችበት እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ አልተነሣችም። አደገኛ መሆኑን አስቀድማ ተናግራ እንደነበር፣ የሰማት ግን እንዳልነበረ ኋላ ራሷ ተናግራለች። ያ ዝላይ ከዚያ በኋላ ለሴቶች ተከለከለ።

«እሷን የሚያሠለጥኑት ሰዎች እኔ ከማውቀው እጅግ የበለጠ ያውቁ ነበር» አላቸው መምህሩ። «የቸኮሉት ስላላወቁ አይደለም። ኦሎምፒኩ ደርሶባቸው ነው። እኔ የሚደርስብኝ ኦሎምፒክ የለም። ስለዚህ ተኙና ቁጠሩ።»

ልጆቹ ተኝተው ቆጠሩ። (ልጆች ትዕግሥት የላቸውም የሚባለውን አላምንም። ምክንያቱ ከተነገራቸው ከአዋቂ በላይ ይታገሣሉ።)

የበልጉ ዝናብ መጥቶ ሄደ። ልጃችን በዚያ ወቅት ብድግ አለ፤ ክንዱም ቅልጥሙም ረዘመ፣ ትከሻው ሰፋ፣ ክብደቱ ጨመረ። ሳልቶው ግን በትንሹ ልጅ ልክ የተሰፋ ነበር። አንድ ሐሙስ ሲያርፍ ጣቶቹ አስፋልቱን ነኩ። ሌላ ሐሙስ መዳፉ ነካ። ቀጥሎ መላ ክብደቱ በታጠፈ እጁ ላይ ወረደ፣ የእጁ አንጓም ማታ ማታ ይጠዘጥዘው ጀመር። በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ የሚረዝመው ጫፉ አካባቢ ካለ ለስላሳ ሥፍራ ነው፤ ያ ሥፍራ ከጠነከረው አጥንት ይልቅ ይደክማል፣ የአንጓ ሕመም በወጣት ጂምናስቲከኞች ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው። ልጁ ይህን ከየት ያውቃል? አስፋልቱን ወቀሰ። ጫማውን ወቀሰ። ከሰው ደብቆ እጁን በጨርቅ አሰረ፣ ሐሙስ ሲደርስ ፈታው። ለመቆም እንዲረዳው አገጩን ከቀድሞው አጥብቆ ወረወረ። ሳልቶው ደግሞ የባሰ ዝቅ አለ።

አንድ ቀን ከወንዝ ሲመለስ እህቱን ሣር ላይ አገኛት። ወንድሟን ስታይ ኖራ፣ ማንም ሳያስተምራት ልትዘል ተዘጋጅታለች። እጇን ወደ ላይ ስታነሣ፣ ጉልበቷን ስታጥፍ፣ ደህና ነበረች። እግሯ ከመሬት ሳይለቅ ግን አገጯ ወደ ሰማይ ተስፈነጠረ፣ ወገቧ ተለመጠ፣ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ ተወርውራ በመዳፏና በጉልበቷ ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ። ልጁ ሮጦ ደረሰና ቁጣና ፍርሃት በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «እንዲህ አገጭሽን እየወረወርሽ ዝለይ ያለሽ ማነው?» አላት።

«አንተ እንደዚያ አይደል የምታደርገው?» አለችው።

ሰው የራሱን ሳልቶ አያይም። ዓይኑ አብሮት ይገለበጣል፤ ከጨዋታው ውስጥ የሚቀርለት መነሣቱና መቆሙ ብቻ ነው። ልጁ መሐሉን ያን ቀን በእህቱ ገላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። መምህሩ በሐሙስ ገበያ የነገረው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነት የሆነ አይመስለኝም፤ መጀመሪያም እውነት ነበር። ልጁ ግን ሊቀበለው የቻለው ስህተቱ ብሩን ትቶ እህቱን ሲነካ ነው።

በማግስቱ ይዟት ሜዳው ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ እሷን አስተምርልኝ» አለ። ስለራሱ ምንም አላነሣም።

መምህሩም አላነሣበትም። ልጅቱን ከገለባ ጆንያዎቹ ፊት አቆማት። ጆንያዎቹ ከኋላዋ እስከ ወገቧ ተከምረዋል። እጇን ከጆሮዋ ጋር አድርጋ፣ የከሰሉን ምልክት እያየች ሽቅብ እንድትዘልና ቀጥ እንዳለች በጀርባዋ ክምሩ ላይ እንድታርፍ ነገራት። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረ። «እኔ በዚህ በኩል ነኝ። አንተ በዚያ በኩል ያዛት። አንዱ እጅህ ወገቧ ላይ፣ ሌላው ከጭኗ ሥር።»

ልጁ አንገራገረ። በመንገዱ ዳር ማንም ይዞት አያውቅም፤ ተይዞ መዝለል የፈሪ ነገር መስሎት ኖሯል። ሜዳው ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው የሚያዩት አያቱ ነበሩ የመለሱለት። በበናም በሐመርም ጎረምሳ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ደጋግሞ ይሮጣል፤ እሳቸውም በዘመናቸው ሮጠዋል።

«እኔ ስዘል ከብቶቹ በራሳቸው የቆሙ ይመስልሃል?» አሉት። «ቀንዱን የያዘ ነበር፣ ጭራውን የያዘ ነበር። ከእኔ በፊት የዘለሉት ናቸው የያዙልኝ። ያዛት።»

ያዛት። ልጅቱ ዘለለች። እንደ ልማዷ አገጯን ወረወረችና በዚያው ቅጽበት ወገቧ መዳፉ ላይ ወደቀ፤ ዕቃ የተጣለበት ያህል ከበደው። መምህሩ «ምልክቱን እያየሽ» ብቻ አላትና ደግማ ዘለለች። አሁንም ወደቀችበት። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ከዚያ በአንዱ ዝላይ፣ እንዴት እንደሆነ እሷም ሳታውቀው፣ ዓይኗ ከከሰሉ አልተነሣም፤ እግሯ ገፍቶ እስኪጨርስ አገጯ ጠበቀ። ልጁ እጁ ውስጥ ምንም አላገኘም። ወገቧ መዳፉን ዳብሶት ሽቅብ አለፈ፣ ጀርባዋም እንዳለ በአንድ ጊዜ ክምሩ ላይ አረፈ።

ልጁ መዳፉን ገልብጦ አየው።

«ደግማ ትዝለል» አለ። መምህሩ ፈቀደ። በዚያ ከሰዓት እጁ ሁለቱን ዝላዮች መለየት ተማረ፤ የሚከብደውንና የማይከብደውን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳን አገጯ የት እንደነበረ ይናገር ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጫማውን አወለቀና ከጆንያው ፊት ቆመ። በአንድ በኩል መምህሩ፣ በሌላው በኩል ከሜዳው ልጆች ትልቁ ያዙት።

ቀጥሎ የመጣው ጊዜ ግን ደስ የሚል አልነበረም፤ ይህን ዘልዬ ብነግራችሁ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብኛል። የለመደውን የሚያስተካክል ሰው መሐል ላይ ሁለቱንም የሚያጣበት ወቅት አለ። አሮጌው ዝላይ ከእጁ ወጥቷል፣ አዲሱ ገና አልገባም። ልጁ ሊዘል ይነሣና አየር ላይ ሰውነቱ የቱን እንደሚታዘዝ ግራ ይገባዋል። በዚህ መሐል አስፋልቱ ላይ ሄዶ ልሞክር ቢል አንገቱ ነው የሚሰበረው። መምህሩም በጥብቅ ከለከለው። ለሐሙስ የሚሆን ሳልቶ የለም። ቤት ጨው አልቋል። ልጁ አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ «የነበረኝን ወሰድክብኝ» አለው።

መምህሩ አልተቆጣም፣ አልተከራከረም። ልጁ እውነቱን ነበርና። ከብርታቱ ይልቅ ይህን ዝምታውን እወድለታለሁ። ብዙ አስተማሪ እዚህ ላይ ስለ ነገ ይሰብካል፤ የተማሪው ቤት የዛሬ ጨው እንዳለቀ ይዘነጋል። መምህሩ «እንጨቱ የት ነው?» ብቻ ብሎ ጠየቀው።

እንጨቱ ጎጆው ጥግ እንደቆመ ነበር። ልጁ በሚቀጥለው ሐሙስ ነጩን ቀለም ተቀብቶ፣ ከእሱ ከሚያንሱት ልጆች መሐል በእንጨት ላይ ቆሞ መንገዱ ዳር ተሰለፈ። ያገኘው ብር ከሳልቶው ያንስ ነበር፤ እኩዮቹም ሳቁበት። እናቱ አልሳቀችም። ጨዉን ተቀበለችና ለማታው ምግብ ድስቷን ጣደች።

አገጩ በራሱ ጊዜ መጠበቅ የለመደው በዝግታ ነው። መጀመሪያ በጆንያው ላይ፣ ቀጥሎ ከጎማው ወደ አሸዋው በሁለት ሰው እጅ፣ ከዚያ በአንድ ሰው፣ ከዚያ መምህሩ እጁን አቅርቦ ሳይነካው። በመጨረሻ ብቻውን ሲዘል አሸዋው ላይ የቀረው ዱካ ከተነሣበት ሥፍራ ብዙም አልራቀም፤ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ፣ ደረቱ ቀና ብሎ ቆመ። የእጁ ሕመምም መዳፉ መሬት መንካት ሲያቆም አብሮ ቀረ። እህቱ ገና ሳልቶ አልጀመረችም። በእጅ መቆሟን እያጠነከረች ነበር፣ አልቸኮለችም።

የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት እንደተከፈተ ከወይጦ በኩል አንድ አዲስ ልጅ ወደ ሜዳው መጣ። ከመንገድ ነው የመጣው፤ ኪሱ ውስጥ ብር ነበረው። ሰላም ሳይል አሸዋው ዳር ቆመና ዘለለ። አገጩ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ቆመ። ትንንሾቹ አጨበጨቡ። አዲሱ ልጅ ዙሪያውን አየ።

መምህሩ አፉን ሊከፍት ሲል ልጃችን ቀደመው።

«ቆመሃል» አለው አዲሱን ልጅ። «እስቲ ናና እኔን ያዘኝ፤ ይህን እጅህን ወገቤ ላይ አድርግ፣ ያንን ከጭኔ ሥር።»

አዲሱ ልጅ ተገርሞ ያዘው። መምህሩ በሌላው በኩል ቆመ። ልጃችን ከጆንያው ፊት ተዘጋጀና መጀመሪያ ሆን ብሎ እንደ ድሮው አገጩን ወርውሮ ዘለለ። የእንግዳው ክንድ ከክብደቱ የተነሣ ወደ ታች ተሳበ። ደገመው፤ ይህን ጊዜ ዓይኑን ከሰሉ ላይ ተክሎ ነበር። የእንግዳው እጅ ባዶውን ቀረ።

አዲሱ ልጅ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ልጃችን ጠጋ አለ።

«ቅድም ምን አድርገህ ነው የከበድከው?» አለው።